የድሮ የአሜሪካ ቤቶች ግድግዳ ውስጥ የቀሩ ነገሮች፦ ምን ነበሩ? ለምን ቀሩ? ሲገኙስ ምን ይደረግ?

#1 አናጺው፣ ዲሲ

ሰላም ለሁላችሁ። ከ1940 በፊት የተሠራ ቤት የሚገዛ ሐበሻ በዝቷል፤ እዚህ ዋሽንግተን ዲሲና ባልቲሞር የጡብ ሮው ሃውስ (ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዞ የተሠራ ቤት)፣ ሚኒያፖሊስና ሲያትል ደግሞ የእንጨት ቤት። ቁልፍ ከተረከቡ በኋላ የሚመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ይቺ ትንሽ የብረት በር ምንድን ናት? መስኮቱ ውስጥ ያለው ገመድ ለምንድን ነው? ይሄ ቧንቧ ከየት መጥቶ የት ይሄዳል? መልሱን እዚህ አንድ ላይ እናስቀምጠው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ እነዚህ ነገሮች ጌጥ አልነበሩም። አብዛኞቹ ከውጭ ለሚመጣ ነገር፣ ለከሰል፣ ለበረዶ፣ ለወተት፣ ለነፋስ የተዘጋጁ መቀበያዎች ነበሩ። የሚመጣው ነገር ሲቀር መቀበያው ሥራ ፈታ፤ ቀዳዳው ግን ግድግዳው ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ከመድፈናችሁም ከማፍረሳችሁም በፊት ምን ይገባበት እንደነበር እወቁ።

ከከሰል በር ልጀምር። ከመሠረቱ ላይ፣ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብላ የምትገኝ የጊዛ (ቀልጦ የተቀዳ) ብረት በር ነች። ከሰል አመላላሹ ከጭነት መኪናው በአሸንዳ ያወርደዋል፤ ከሰሉ ቤዝመንት (ምድር ቤት) ውስጥ በሳንቃ በታጠረ ክፍል ይከማቻል። በ1940 የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከአሜሪካ ቤቶች ከግማሽ በላይ የሚሞቁት በከሰል ነበር። ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲደርስ በሌሊት ተነስቶ እሳት መቆስቆስ፣ አመድ መዛቅ ቀረ፤ በ1970 በከሰል የሚሞቅ ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ሆነ።

ገዢ ግን ከበሩ ይልቅ ከሱ ቀጥሎ የመጣውን ይፈትሽ። ከከሰል ወደ ዘይት የዞሩ ብዙ ቤቶች ግቢያቸው ውስጥ የተቀበረ የዘይት ታንከር አላቸው። ከቤቱ ጎን ከመሬት የሚወጡ ሁለት የብረት ቧንቧዎች ካያችሁ አንዱ መሙያ፣ ሌላው መተንፈሻ ነው። ታንከሩ ዝጎ ዘይት ወደ አፈር ካፈሰሰ ማጽዳቱ እጅግ ውድ ነው። ውል ሳይፈረም አስፈትሹት።

በሩን መዝጋት ለሚፈልግ፦ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ፣ ፀረ ዝገት ቀለም ቀብቶ፣ ባለበት ዘግቶ መተው። ከውስጥ በኩል 2 ኢንች ድርቅ ያለ ፎም ቦርድ ልክ ቆርጦ ማስገባት፣ ዙሪያውን በማሸጊያ ፎም መሙላት። ውጭ ያለው አፈር ወደ በሩ ያዘነበለ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ማስተካከል ነው፤ አለዚያ የዘጋችሁት ቀዳዳ ውኃ መያዣ ይሆናል።


#2 ሰላማዊት፣ ቺካጎ

ጥሩ ውይይት ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። የ1926 ቤት ነው። አንደኛ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ግድግዳው ላይ አንድ ጫማ በአንድ ጫማ የምትሆን ሳጥን አለች፤ በውስጥም በውጭም በር አላት። ብርድ በሷ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከ14 መስኮቶች 9ኙ አይከፈቱም፤ የመስኮት ሻጩ ሁሉንም በቪኒል መቀየር ነው የሚያዋጣሽ ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?


#3 አናጺው፣ ዲሲ

እህቴ፣ ሳጥኗ የወተት በር ነች። ወተት አመላላሹ በውጭ በኩል ከፍቶ ሙሉውን ጠርሙስ ያስቀምጣል፣ ባዶውን ይወስዳል፤ የቤቱ ሰው በውስጥ በኩል ይወስዳል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንኳ ከአሜሪካ ቤተሰቦች ወደ 30 በመቶ የሚሆነው ወተት በር ድረስ ይመጣለት ነበር። ማቀዝቀዣ ወተቱን ሳምንት ሲያቆየው፣ መኪናና ሱፐርማርኬት ሲስፋፋ፣ ጠርሙሱ በካርቶን ሲተካ ሥራው ሞተ።

ሁለቱንም በሮች ሳትነቅይ በመሀላቸው ያለውን ቦታ በፎም ቦርድ ሙይው። የውጩን በር ከውስጥ በሁለት ብሎን አጥብቂው፤ እጅ የሚያስገባ በር ለሌባ መንገድ ነው።

ከወጥ ቤቱ ኋላ፣ በረንዳው ግድግዳ ላይ ከወተት በር ሰፋ ያለ በር ካለ ደግሞ የበረዶ በር ነው። የበረዶ ሻጩ ጭቃ ጫማውን ይዞ ወጥ ቤት እንዳይገባ የበረዶውን ብሎክ በውጭ በኩል ምግብ ማቀዝቀዣው የበረዶ ሳጥን ውስጥ ይጨምራል። እመቤቲቱ መስኮት ላይ ካርድ ትሰቅላለች፤ በአራቱ ጎኖቹ 25፣ 50፣ 75፣ 100 ፓውንድ ተጽፎበታል፤ ወደ ላይ የዞረው ቁጥር የዕለቱ ትእዛዝ ነው። ወለሉ ላይ ምንም የማይገናኝበት ጠባብ ቀዳዳ ካገኛችሁ የቀለጠው ውኃ መውረጃ ሊሆን ይችላል፤ ድፈኑት፤ ለአይጥና ለበረሮ መንገድ ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1927 ሞተሩ አናቱ ላይ የተቀመጠውን ማቀዝቀዣ ካወጣ ወዲህ የበረዶ ሳጥን ዕድሜው አጭር ሆነ።

የመስኮቱን ነገር ለጋሽ መሮ እተወዋለሁ።


#4 መሮ

እህት ሰላማዊት፣ ከፍተው ሳያዩ አይቀይሯቸው። "አይከፈትም" የሚባል የድሮ መስኮት ብዙውን ጊዜ ሁለት በሽታ ነው ያለበት፦ ቀለም አጣብቆታል፣ ወይም ገመዱ ተበጥሷል። ሁለቱም ይድናሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ላይና ታች የሚንሸራተቱ ሁለት ክፈፎች አሉ፤ እያንዳንዱ በግራና በቀኝ ገመድ አለው። ገመዱ መቃኑ አናት ላይ ባለ መዘውር አልፎ ከመቃኑ ጀርባ ባለ ባዶ ሳጥን ውስጥ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ ዱላ የመሰለ የጊዛ ብረት ተንጠልጥሏል። ሁለቱ ብረቶች ተደምረው ክፈፉን ስለሚመዝኑ ከባዱ መስኮት በሁለት ጣት ይነሳል፤ ያቆሙበት ቦታም ይቆማል።

የድሮ አናጺዎች ሚዛኑን ልክ እኩል አያደርጉትም ነበር። 20 ፓውንድ ለሚመዝን የላይኛ ክፈፍ ሁለት 10.5 ፓውንድ ብረት ይሰቅሉለታል፣ ወደ ላይ እንዲገፋው፤ ለታችኛው ሁለት 9.5 ፓውንድ፣ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲጫን። በዚህ የተነሳ መስኮቱ ሲዘጋ ሁለቱ ክፈፎች መሀል ላይ ይነካከሳሉ፤ ነፋስ አይገባም። ሲጠግኑ ብረቶቹን ካደባለቁ ይህ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሲያወጡ ላይኛ፣ ታችኛ፣ ግራ፣ ቀኝ እያሉ በጠመኔ ይጻፉባቸው።

ገመድ አቀያየሩ ይሄው፦

በመጀመሪያ፣ የታችኛውን ክፈፍ ከውስጥ በኩል ደግፎ የያዘውን ቀጭን ጠርዝ እንጨት ማንሳት። ቀለሙን መገጣጠሚያው ላይ በቢላ ይሰንጥቁት፤ ካልሰነጠቁት ልጣጩ ከግድግዳው ቀለም ጋር ተያይዞ ይመጣል። እንጨቱን ከጫፍ ሳይሆን ከመሀል ይፈልቅቁት፤ መሀሉ ቀስት ሆኖ ይጎብጥና ጫፎቹ ራሳቸው ይለቃሉ።

ክፈፉን ወደ ራስዎ ያውጡት። ያልተበጠሰ ገመድ ካለ ከመፍታትዎ በፊት ቋጠሮ ይሥሩበት፤ አለዚያ ብረቱ ገመዱን ይዞ ሳጥኑ ውስጥ ይወድቃል። ቀጥሎ በሁለቱ ክፈፎች መካከል ያለውን፣ ቦይ ውስጥ የተቀበረውን ዘንግ በፒንሳ ይንቀሉት። ይህ ብዙ ጊዜ ይሰበራል፤ አይዘኑ። ግማሽ ኢንች በሦስት ሩብ ኢንች የሆነ የጥድ ዘንግ ተተኪው ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ከዚያ የላይኛው ክፈፍ ይወጣል።

መቃኑ ታችኛ ክፍል ላይ ትንሽ ክዳን አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ብሎን የተያዘች፣ በቀለም የተሸፈነች፣ ግማሿም በዘንጉ ስር የተደበቀች። ብዙ ሰው ይህቺን ሳያገኝ መቃኑን ይሰብራል። ካልታየች መቃኑን በመዶሻ እጀታ አንኳኩ፤ ድምፁ የሚለወጥበት ቦታ ነች። ብረቶቹ በሷ ይወጣሉ።

አዲሱ ገመድ የተጎነጎነ ጥጥ፣ ሩብ ኢንች ውፍረት ያለው ይሁን። ናይለን አይግዙ፤ ይሳባል፤ ከወራት በኋላ ብረቱ ታች ይነካና ክፈፉ መሀል ላይ ይንጠለጠላል። ለከባድ ክፈፍ የመስኮት ሰንሰለት ይሻላል። ገመዱን በመዘውሩ ለማሳለፍ ቀጭን ሲባጎ ጫፉ ላይ የጎበጠ ትንሽ ምስማር አስረው ይልቀቁት፤ በክዳኗ ሲወጣ ገመዱን አስረው ይሳቡ።

ልኩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የላይኛው ክፈፍ ሲዘጋ ብረቱ ታች ነው፤ ከሳጥኑ ወለል 2 እስከ 3 ኢንች ከፍ ብሎ መንጠልጠል አለበት። የታችኛው ሲዘጋ ብረቱ ላይ ነው፤ መዘውሩን ሳይነካ ከሱ ዝቅ ብሎ ይቁም። ገመዱ ክፈፉ ጎን ባለው ቦይ ውስጥ በምስማር ሲያዝ ደግሞ ምስማሩን ከፍ አያድርጉት። ክፈፉ ሙሉ በሙሉ ሲነሳ ምስማሩ ከመዘውሩ በላይ የሚሄድ ከሆነ መስኮቱ ሦስት አራተኛ ላይ ቀጥ ይላል፤ እርስዎም ክብደቱን ሲወቅሱ ይከርማሉ።

ሲጨርሱ ገመዱንም፣ መዘውሩንም፣ መንሸራተቻውንም ቀለም አያስነኩ። መንሸራተቻውን በሻማ ሰም ይሹት፤ በቂ ነው።


#5 ቅዝቃዜ፣ ሚኔሶታ

ጋሽ መሮ፣ ጥገናው ትክክል ነው፤ ግን የሙቀቱንም ነገር እንናገር። አንድ ነጠላ መስታወት የሙቀት መከላከል አቅሙ አር 1 ገደማ ነው (የአር ቁጥሩ ሲበዛ ሙቀቱ ይበልጥ ይያዛል)። እኛ ዘንድ ክረምቱ ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ ሲወርድ ውስጡ በረዶ ይሠራል፣ ሲቀልጥ ክፈፉን ያበሰብሳል።


#6 መሮ

ልክ ነህ ወንድሜ፤ የድሮው መስኮት ብቻውን እንዲቆም የተሠራ አይደለም። በክረምት በላዩ ሁለተኛ መስኮት ይሰቀልበት ነበር፤ ስቶርም ዊንዶው የሚባለው። የሚሰቀልባቸው ማንጠልጠያዎች ብዙ ቤት ላይ አሁንም አሉ። ጥሩ ስቶርም ሲደረብበት አር 2 አካባቢ ይደርሳል፤ ይህም ከተራ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት ብዙ አይርቅም። ዳር ዳሩን የነሐስ ንፋስ መከላከያ ሰቅ ምታበት፤ ትልቁ ብርድ የሚገባው በመስታወቱ ሳይሆን በክፍተቱ ነው። ውስጡ በረዶ እንዳይሠራ የውስጡ መስኮት ጥብቅ፣ ስቶርሙ ግን ትንሽ መተንፈሻ ያለው ይሁን። የስቶርሙን ታች ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አትድፈን።

ባለ ሁለት መስታወቱ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ዳሩ ያረጅና መሀሉ በጉም ይሸፈናል፤ ያኔ ቢያንስ መስታወቱ በሙሉ ይቀየራል። የድሮው ክፈፍ ግን ቀስ ብሎ ካደገ፣ የዕድገት ክቦቹ ከተጠጋጉ ጥድ የተሠራ ነው፤ የተሰበረው ክፍል ብቻ ይተካል። መስታወቱን የያዘው ስቱኮም የተልባ ዘይትና የጠመኔ ዱቄት ነው፤ ሲሰነጠቅ ተፍቆ እንደገና ይሞላል።

ስለ መስታወቱ አንድ ነገር ላርም። የድሮ መስታወት ሞገድ የሚመስለው ከዘመን ብዛት ወደ ታች ስለፈሰሰ አይደለም። በትንፋሽ ተነፍቶ እንደ በርሜል ከተሠራ በኋላ ተሰንጥቆ ስለሚዘረጋ ነው። ዛሬ ያለው ፍጹም ለጥ ያለ መስታወት በቀለጠ ቆርቆሮ ላይ የማንሳፈፍ ዘዴ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከመጣ በኋላ የተለመደ ነው። የሞገዱን መስታወት አትጣሉት።


#7 ደህንነት

ይቅርታ፣ ከዚህ በላይ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) መባል አለበት። ከ1978 በፊት የተቀባ ቤት ሁሉ ሊድ ያለበት ቀለም እንዳለው ቁጠሩ፤ በዚያ ዓመት ነው ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው። ከቤቱ ሁሉ አደገኛው መስኮቱ ነው፤ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሁለት የተቀቡ እንጨቶች ይፋተጋሉ፣ አቧራው ደፉ ላይ ይቀመጣል፣ ሕፃን እጁን አስደግፎ ወደ አፉ ይወስደዋል። ዕድሜያቸው ከስድስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ካሉ ደማቸውን አስመርምሩ።

ደረቅ አሸዋ ወረቀት አታስነኩት። ውኃ እየረጫችሁ ፋቁ፣ ወለሉን በወፍራም ላስቲክ ሸፍኑ፣ ደቃቅ አቧራ በሚይዝ በሄፓ ማጣሪያ ቫኪዩም ጥረጉ። እሳት የሚተፋ ችቦ ክልክል ነው፤ የሙቅ አየር መሣሪያም ከ1,100 ዲግሪ ፋራናይት በላይ መሆን የለበትም፤ ሊዱ ይተናል። ከ2010 ጀምሮ ለክፍያ የሚሠራ ሰው በአንድ ክፍል ከ6 ካሬ ጫማ በላይ የተቀባ ነገር የሚነካ ከሆነ የሊድ ሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ መስኮት ለመቀየር ከሆነ ስፋቱ ሳይታይ ያስፈልገዋል። ራሳችሁ በምትኖሩበት ቤት ራሳችሁ ከሠራችሁ ደንቡ አይመለከታችሁም፤ ቤዝመንቱን አከራይታችሁ የተከራዩን ክፍል የምትሠሩ ከሆነ ግን ይመለከታችኋል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም።


#8 ኤሌክትሪሺያኑ

የሽቦውን ጉዳይ እኔ ልያዝ። ከ1880ዎቹ እስከ 1940ዎቹ የተሠራ ቤት ውስጥ ጣሪያ ስር ወይም ቤዝመንት ቀና ብላችሁ ስታዩ በነጭ ሸክላ ጉብታዎች ላይ የተወጠሩ ሁለት ነጠላ ሽቦዎች ካሉ፣ ኖብ ኤንድ ቲዩብ የሚባለው ነው። ጉብታው ሽቦውን ከእንጨቱ አንድ ኢንች አርቆ ይይዛል፤ እንጨት ለማለፍ ሲፈልግ በሸክላ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ፌዙ (ኮረንቲ የሚያመጣው) እና ኒውትራሉ (የሚመልሰው) ተለያይተው ይሄዳሉ። ግራውንድ (ወደ መሬት የሚሄድ የደህንነት ሽቦ) የለውም።

ሲሠራ መጥፎ ሥራ አልነበረም። መገጣጠሚያዎቹ ተጠምዝዘው በስታኞ ተበይደዋል፣ በላስቲክና በጨርቅ ቴፕ ተጠቅልለዋል። ሽቦው አየር ላይ ስለተንጠለጠለ ሙቀቱን ለአየሩ ይሰጣል። የቀረው ሁለት ገመድ በአንድ ሽፋን የያዘ ኬብል ሲመጣ ነው፤ ጉብታ በጉብታ የሚተክል ሠራተኛ ደመወዝ አያዋጣም።

አደጋው የመጣው በኋላ ከተደረገበት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፊውዙ። 14 ቁጥር ሽቦ 15 አምፒር ነው የሚችለው። 15ቱ እየተቃጠለ ሲያስቸግር ሰው 30 አምፒር ፊውዝ ጠመዘዘበት፤ ሁለቱም እኩል ገብ ነው፣ ልክ እንደ አምፖል። ከዚያ ሽቦው በኮርኒሱ ውስጥ ለዓመታት እየጋለ የላስቲክ ሽፋኑ እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። ፊውዝ ሳጥኑ አሁንም ካለ አስማሚ ያለው ኤስ ዓይነት ፊውዝ አስገቡ፤ አንዴ 15ቱ አስማሚ ከገባ 30 አይገባበትም።

ሁለተኛ፣ በአንዳንድ የድሮ መስመሮች ላይ ፌዙም ኒውትራሉም ፊውዝ አላቸው። የኒውትራሉ ፊውዝ ሲቃጠል መብራቱ ይጠፋል፤ ሽቦው ግን ሕያው ነው። አምፖሉ ስለጠፋ ብቻ እጃችሁን አታስገቡ፤ ሁለቱንም ሽቦ ከምድር ጋር በሜትር ለኩ።

ሦስተኛው ኢንሱሌሽን (ሙቀት ማቆያ ሙሌት) ነው። በአየር እንዲቀዘቅዝ የተሠራ ሽቦ በጥጥ መሰል ነገር ከተቀበረ ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ኮድም ይከለክለዋል። አንድ ድርጅት መጥቶ በአንድ ቀን ጣሪያ ስር ኢንሱሌሽን እነፋላችኋለሁ ካለ፣ ከመንፋቱ በፊት ሽቦው ሞቶ መለወጡን አረጋግጡ።

በአቅም ምክንያት ሙሉውን ዛሬ መቀየር የማይችል ሰው፣ ቅደም ተከተሉ ይሄ ይሁን፦ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያ፣ ኤሲ የሚሰካበት ክፍል፣ በመጨረሻ የመብራት መስመር። ባለ ሁለት ቀዳዳ ሶኬት በጂኤፍሲአይ (ኮረንቲ ሲያፈስ ራሱ በሚቆርጥ ሶኬት) መተካት ይፈቀዳል፤ ሰውን ከመንዘር ያድናል፤ ሶኬቱ ላይ ግራውንድ እንደሌለው የሚገልጽ ጽሑፍ መለጠፍ ግዴታ ነው። ለኮምፒውተርና ለመሳሰሉት ግን ግራውንድ አልፈጠረም።


#9 ሙሉ፣ አሌክሳንድሪያ

ኮርኒሱ መሀል የመብራት መያዣው የተሰቀለው በብረት ቧንቧ ላይ ነው። ይህም የሽቦ ነው?


#10 ኤሌክትሪሺያኑ

አይደለም፤ የጋዝ መብራት ቧንቧ ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባ ማንም አላመነውም፤ መብራቱ ሲጠፋ ጋዙን እንዲለኩሱ ሁለቱንም የያዘ መያዣ ይሰቀል ነበር። ወደ ላይ የቀናው ክንድ የጋዝ፣ ወደ ታች የተደፋው የኤሌክትሪክ ነው። ነበልባል ወደ ታች ስለማይሠራ፣ አምፖል ግን ስለሚችል።

ቧንቧው ባዶ ነው ብላችሁ ክዳኑን አትፍቱ፣ በመጋዝም አትቁረጡ። ከዛሬው የወጥ ቤት ጋዝ ጋር የተያያዘ ቅርንጫፍ አንዳንዴ ይቀራል። የጋዝ ፈቃድ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ በግፊት መለኪያ ይፈትሸው፤ ከዋናው ተቆርጦ ከሆነ ብቻ ነው ሞቷል የሚባለው።


#11 ቅዝቃዜ፣ ሚኔሶታ

ኢንሱሌሽን ከተነሳ፣ የእንጨት ቤት ያላችሁ ስለ ባሉን ፍሬሚንግ እወቁ። ከ1830ዎቹ ቺካጎ ጀምሮ እስከ 1930ዎቹ ድረስ ግድግዳው የሚቆመው ከመሠረት እስከ ጣሪያ በሚደርስ አንድ ረጅም ቋሚ ነበር። በሁለት ቋሚዎች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ከቤዝመንት እስከ ጣሪያ ስር ያለማቋረጥ ይሄዳል፤ ቤዝመንት የተነሳ እሳት በደቂቃዎች ጣሪያ ስር ይደርሳል። ረጅም እንጨት ሲወደድና የእሳቱ ነገር ሲታወቅ፣ እያንዳንዱን ፎቅ ለብቻ በወለል እየቆረጡ መሥራት ተተካ።

ቤዝመንት ገብታችሁ በግድግዳው አናት ላይ በባትሪ ወደ ላይ አብሩ። ጨለማ ብቻ ከታየ ክፍት ነው። ሁለት ኢንች የሚባለው እንጨት ልክ ተቆርጦ በየክፍተቱ ይመታል፤ እንጨት በማይገባበት የድንጋይ ሱፍ ጠቅጥቁ። እሳትንም ብርድንም ያቆማል፤ ኢንሱሌሽን የሚነፋውም ቤዝመንት ውስጥ አይፈስበትም።


#12 አናጺው፣ ዲሲ

ግድግዳው ከተነሳ ልስኑን ልጨምር። ከድራይዎል (ከጀሶ ሰሌዳ) በፊት የነበረው ግድግዳ የጭቃ ቤት ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ቋሚና ማገር ነው። ማገሩ ሩብ ኢንች ውፍረት፣ ኢንች ተኩል ስፋት፣ 4 ጫማ ርዝመት ያለው ስንጥር ነው፤ በመካከሉ ሩብ ኢንች ወይም ትንሽ የሚበልጥ ክፍተት ይተዋል። የመጀመሪያው የኖራና የአሸዋ ልስን ሲጫን በክፍተቱ አልፎ ከጀርባ ይቆለመማል፤ እንደ መንጠቆ ይይዛል። ጭድ እንደምንጨምረው እነሱ የከብት ፀጉር ይጨምሩበታል። ሁለተኛው ልስን ያስተካክላል፣ ሦስተኛው ስሱና ነጩ ያለሰልሳል። በየመሀሉ መድረቅ አለበት። ድራይዎል በ1910ዎቹ መጨረሻ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ ያሸነፈው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሚሊዮን ቤት በአንድ ጊዜ ሲፈለግ ነው።

የሚበላሸው መንጠቆው ሲሰበር ነው። ኮርኒሱን በመዳፋችሁ ግፉት፤ ከፍ ዝቅ ካለ ከማገሩ ለቋል። አታፍርሱት። ማገሩን ፈልጋችሁ በየ6 ኢንቹ በልስኑ በኩል ብቻ ቀዳዳ ብሱ፣ አቧራውን በቫኪዩም አውጡ፣ የልስን ማጣበቂያ ጨምሩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ሰፊ ዋሸር ብሎኑን ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። በኃይል ከጠበቀ ልስኑ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። ማጣበቂያው ሲደርቅ ዋሸሩ ይነሳል ወይም በስቱኮ ይሸፈናል።

ቴሌቪዥን ለመስቀል ቋሚውን የምትፈልጉ ሰዎች፣ ዲጂታሉ መፈለጊያ ልስን ላይ ይዋሻል። ትንሽ ጠንካራ ማግኔት በክር አንጠልጥላችሁ ግድግዳውን ዳብሱ። የማገሩን ምስማር ይይዛል፤ ምስማሮቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከተደረደሩ ቋሚው እዚያ ነው፤ የሚቀጥለው 16 ኢንች ላይ ይገኛል። ለስዕል ግን ምስማር አያስፈልግም። ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ክፍሉን የሚዞረው የእንጨት ጠርዝ ለዚያ ነው የተሠራው፤ ኤስ ቅርጽ ያለው መንጠቆ ይንጠለጠልበታል።


#13 ቧንቧ

ስለ ራዲያተር ማንም አላነሳም። አንድ ቧንቧ ብቻ የሚገባበት ራዲያተር የእንፋሎት ነው። እንፋሎቱ በሚወጣበት ቧንቧ ውኃው ተመልሶ ይወርዳል። "ሌሊት በመዶሻ የሚደበድብ" የሚባለው ውኃው መውረጃ ሲያጣ ነው፤ እንፋሎቱ ይገፋዋል፣ ከብረቱ ጋር ያላትመዋል። ውኃ ልክ ላዩ ላይ አስቀምጡበት፤ ወደ ቫልቩ ማዘንበል አለበት። ካላዘነበለ በቫልቩ ተቃራኒ ባሉት እግሮች ስር ሩብ ኢንች ያህል እንጨት አስገቡ። ቫልቩን ወይ ሙሉ ክፈቱ ወይ ሙሉ ዝጉ። ሙቀት ለመቀነስ ብላችሁ ግማሽ ከከፈታችሁት ውኃው መመለሻ ያጣል።

አንዱ ክፍል ካልሞቀ ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ የአየር መተንፈሻ ተደፍናለች፤ አየሩ ካልወጣ እንፋሎት አይገባም። በእጅ ትፈታለች፣ በአዲስ ትተካለች። ቦይለሩ ላይ ግፊቱን ከ2 ፒ.ኤስ.አይ. በላይ አታድርጉ፤ ከፍ ያለ ግፊት ፈጣን ሙቀት አይሰጥም፤ ጋዝ ይበላል፣ መተንፈሻዎቹን ይገድላል። ውኃ ሲያንስ ቦይለሩን ከሚያጠፋው መቁረጫ በክረምት በየሳምንቱ ቆሻሻውን አፍስሱ።

የእንፋሎት ማሞቂያ የጠፋው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። በቆርቆሮ ቱቦ አየር የሚነፋ ማሞቂያ ሲመጣ በዚያው ቱቦ ኤሲም ይገባል፤ እንፋሎት ግን ማቀዝቀዝ አይችልም። ቧንቧው ላይ የተጠቀለለ ነጭ፣ እንደ ካርቶን የታጠፈ ነገር ካለ አትንኩት፤ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ማዕድን) ሊሆን ይችላል። ሳይነካ ከቆየ ችግር አይፈጥርም፤ የተቀደደው ግን ፈቃድ ባለው ሰው ይነሳ።


#14 ሙሉ፣ አሌክሳንድሪያ

ከበር በላይ የሚከፈቱ ትንንሽ መስኮቶችስ? ልጆቹ መኝታ ቤት ድምፅ ያሳልፋሉ።


#15 አናጺው፣ ዲሲ

ትራንሰም ይባላሉ። ሙቅ አየር ከከፍተኛው ኮርኒስ ስር ተሰብስቦ በነሱ በኩል ወደ ኮሪደር፣ ከዚያ በደረጃው ወደ ላይ እንዲወጣ ነው፤ በሩን ሳይከፍቱ። ኤሲ ሲገባ ኮርኒሱም ዝቅ አለ፣ እነሱም ተደፈኑ። መስታወቱን ሳትነቅሉ ዳሩን በስፖንጅ ሰቅ አጥብቁት፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ብርሃኑ ይቀራል።

ከዚሁ ዘመድ የሆነውና ለዲሲ ሰው የሚጠቅመው ከቤቱ ኋላ በሁለተኛ ፎቅ ያለው የመኝታ በረንዳ ነው። ቤት ገንቢው ሃሪ ዋርድማን በኮሎምቢያ ሃይትስ፣ በብሉሚንግዴልና በሌሎችም ሰፈሮች የሠራቸው ፊታቸው በረንዳ የሆነ ሮው ሃውሶች ኋላቸው ላይ ይህ አላቸው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ክፍት አየር ላይ መተኛት ይመከር ነበር፤ በበጋም ሌላ መላ አልነበረም። ፕሬዝዳንት ታፍት እንኳ ዋይት ሃውስ ጣሪያ ላይ የመኝታ በረንዳ አሠርተዋል። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኘ፣ ኤሲ ተከተለ፣ በረንዳው በሳንቃና በመስኮት ተዘግቶ ሦስተኛ መኝታ ቤት ወይም መታጠቢያ ሆነ።

ገዢዎች እዚህ ላይ ይጠንቀቁ። ወለሉ ውኃ እንዲያፈስ በጫማ ሩብ ኢንች ያዘነብላል፤ አልጋው ሲያዘነብል ቤቱ የሰመጠ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። ከወለሉ ስር ብዙ ጊዜ ኢንሱሌሽን የለም፣ ተሸካሚው እንጨትም ለመታጠቢያ ገንዳና ለውኃ ክብደት አልታሰበም። እዚያ የገባ የውኃ ቧንቧ በጥር ይቀዘቅዝና ይፈነዳል። ከስር ሆናችሁ እዩ።


#16 ደህንነት

በአጭሩ ሁለት ልጨምር። መታጠቢያ ቤት ያለው የመድኃኒት ሳጥን ጀርባ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ካለ ያረጀ ምላጭ መጣያ ነው። ምላጮቹ የትም አይሄዱም፤ በሁለት ቋሚዎች መካከል ወድቀው እዚያው ተከምረዋል። ግድግዳውን ስታፈርሱ ከታች እጅ አታስገቡ፤ በማግኔትና በወፍራም ጓንት አንሷቸው።

ልብስ ማውረጃው ደግሞ፣ ከላይ መኝታ ቤት እስከ ቤዝመንት የሚወርደው፣ ቅዝቃዜ በ#11 እንደተናገረው ግድግዳ የእሳት ጭስ ማውጫ ነው። ካልተጠቀማችሁበት በየወለሉ ዝጉት። ከተጠቀማችሁበት በራሱ የሚዘጋ በር ይኑረው፤ ሕፃን በማይደርስበት ከፍታ ወይም በቁልፍ።


#17 ሰላማዊት፣ ቺካጎ

ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የተሠራ ቁም ሳጥን የሌለው፣ ድሮ ቁም ሳጥን እንደ ክፍል ተቆጥሮ ግብር ስለሚከፈልበት ነው ይባላል። እውነት ነው?


#18 አናጺው፣ ዲሲ

አይደለም። እንዲህ ያለ የግብር ሕግ አልተገኘም። ሰው የነበረው ልብስ ጥቂት ነው፤ ታጥፎ ሣጥን ውስጥ ወይም ተንቀሳቃሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ያለው ጎድጓዳ መደርደሪያም የቅዱስ ሐውልት ማስቀመጫ አይደለም፤ የስልክ ቦታ ነው። ዛሬ ኢንተርኔት መሣሪያው ልክ ይገባበታል።


#19 ሰላማዊት፣ ቺካጎ

አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ለጋሽ መሮ፦ በድሮው ክፈፍ ውስጥ ባለ ሁለት መስታወት ባስገባስ?


#20 መሮ

ይቻላል፤ ግን ሁለት ነገር ይለኩ። አንደኛ፣ መስታወቱ የሚቀመጥበት ጥርስ ጥልቀት። ለነጠላ መስታወት የተሠራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በመጋዝ ማስፋት ይጠይቃል፤ በቀጫጭን እንጨቶች የተከፋፈለ ክፈፍ ከሆነ ያዳክመዋል፣ አይንኩት። ሁለተኛ፣ ክብደቱ። መስታወቱ እጥፍ ይከብዳል፤ የድሮዎቹ ብረቶች አያነሱትም።

አዲሱን መስታወት ካስገቡ በኋላ ክፈፉን ሚዛን ላይ ያቁሙት፣ ብረቶቹንም ይመዝኑ። ጎዶሎውን ለሁለት ይካፈሉት። ሳጥኑ ሰፊ ከሆነ በድሮው ብረት ላይ ተጨማሪ ክብደት ይታሰራል። ጠባብ ከሆነ ብረቱ ረዝሞ ታች ይመታል፤ ያኔ በሊድ ክብደት ይቀየራል። ሊድ ከጊዛ ብረት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ስለሚከብድ በዚያው ርዝመት ይበቃል። ሲያስሩት ጓንት ያድርጉ፣ ሲጨርሱም እጅዎን ይታጠቡ።